በቁምሳጥን የተቆለፈ ጆሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔን የማሳልፈው በባለቤቴ ወንድም ሱቅ ነው። እሱ ቁልፍ ይቀርጻል፣ እኔ ጋዜጣ አነባለሁ፤ ቤት ስንገባ ግን ሁለታችንም ሥራ በዝቶብን እንደዋለ እናወራለን። ሱቋ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ቆሞ ነው የሚያወራው።

ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት የኤግዚቢት ክፍል ሠርቻለሁ። ኤግዚቢት ማለት ከሰው እጅ ተይዞ ፍርድ እስኪሰጥ በአደራ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሰው ዕቃ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ባየሁ ቁጥር «መዝገቡስ የታለ?» ማለት አመሌ ሆኗል። ጎረቤታችን መጥረጊያ ልትዋስ ስትመጣ እንኳ ላስፈርማት እንደሚቃጣኝ ባለቤቴ ለሰው ሁሉ ታወራለች። ሐሰት አይደለም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር መንገዱን ተሻግረው ወደ ሱቋ መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚሄዱት። ሃያ ስድስት ዓመት ከተማሪ የወሰዱትን ዕቃ ሁሉ በአንድ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ስለሚቆልፉ ልጆቹ «ጋሼ ሣጥን» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። ሰላምታ ሰጥተውን መዳፋቸውን ዘረጉ፤ መዳፋቸው ላይ የተሰበረ ቁልፍ ነበር።

«ግማሹስ የት ደረሰ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«የቁምሳጥኑ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ቀረ። ከሰኞ ጀምሮ ከውስጥ አንዳች ነገር ሲጥ ሲጥ ይላል። አይጥ የገባ መስሎኝ ተጣድፌ ስከፍት እጄ ላይ ተሰበረ።»

«አይ ጋሼ! ያ ቁምሳጥን እኮ የልጅ ዕቃ ሲበላ ኖሮ ለምዶበት ነው፤ አሁን ደግሞ ቁልፍ በላ!»

ምክትሉ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። «የተሰበረውን አውጣልኝ፤ አዲስ ቁልፍም ቅረጽልኝ» አሉ።

ይህን ሲሉ አንዲት ወጣት መምህርት ደብተር በእጇ ይዛ እያለከለከች ደረሰች። የምክትሉ የወንድም ልጅ ናት፤ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው።

«ጋሼ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ስፈልግዎት ነው የዋልኩት!»

«ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ» አሉን ወደ እኛ ዞረው፤ «አሁን እሷ ልታስቆጥረኝ ነው የምትፈልገው። በይ እሺ፣ ዛሬስ ምን አጠፋሁ?»

«ሰኞ ዕለት ከዘጠነኛ ክፍል፣ ከአዲሷ ልጅ የወሰዱት ነገር አለ።»

«አዎ፣ ኢርፎን። ያ ሽቦ የሌለው ዓይነት። በፀጉሯ ሸፍና እኔ እየተናገርኩ ዘፈን ታዳምጣለች።»

«ኢርፎን አይደለም፣ ጋሼ። የመስሚያ መሣሪያ ነው። ልጅቷ ያለ እሱ አትሰማም።»

የባለቤቴ ወንድም ሞረዱን አስቀመጠ። መምህርቷ ደብተሩን ገልጣ ሰጠችኝ። ልጅቷ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ የጻፈችው ነበር፦ «ሰኞ ምክትሉ ወሰዱት። ለእናቴ ጣልኩት ብያታለሁ። እባክሽ ቲቸር፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«በድሮ ትምህርት ቤቷ ስላሾፉባት ነው የምትደብቀው» አለች መምህርቷ። «ጎበዝ ልጅ ነበረች። ከሰኞ ወዲህ ስጠይቃት አትመልስም፤ በቃል ጽሕፈት ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ዛሬ ጠዋት መጥታ ‹ሌላ መስሚያ የምገዛበት አቅም የለኝም፤ ሳትሰማ ከምትቀመጥ እኔ ጋ መጥታ ልብስ ትጠፍ› ብላ መልቀቂያ ጠየቀች። ነገ ጠዋት ልትወስድ ትመጣለች። የሚፈርሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ምክትሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ወረቀት የጻፉበትን ይሸከማል። በሃያ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ሰበብ የለም። አንዱ ኳሱን ብወስድበት ‹የሟች ወንድሜ ማስታወሻ ነው› ብሎ ድንኳን የሚያስተክል ለቅሶ አለቀሰ። በማግሥቱ ሟቹ ራሱ ኳሱን ሊወስድ መጣ!»

ሳቅን፤ መምህርቷ ግን አልሳቀችም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ቁምሳጥኑ ዘንድ ሄደን ማየት ይሻላል አልኩ። የባለቤቴ ወንድም መሣሪያውን በቦርሳ ይዞ ተነሣ፤ እኔም ጋዜጣዬን አጥፌ ተከተልኳቸው። ማንም አልጠራኝም። ግን ዕቃ የተያዘበት ጉዳይ ነውና እንደተጠራሁ ቆጠርኩት።

የምክትሉ ቢሮ ጠባብና ንጹሕ ነው። በግድግዳው ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድል ተለጥፏል፤ ጠመኔ የነካው የጠረጴዛ ጨርቅ አለ፤ በጥጉ ደግሞ ግራጫው የብረት ቁምሳጥን አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ቆሟል። የባለቤቴ ወንድም ተንበርክኮ ቀዳዳውን ዘይት አጠጣና በቀጭን ሽቦ መነካካት ጀመረ። አጎትና የወንድም ልጅም ክርክራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

«ልጄ» አሉ ምክትሉ፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ሁለት ዓመት ነው ያስተማርሽው። ስልክ በየዴስኩ ሥር እየበራ፣ አንዱ ፎቶ ሲያነሣ ሌላው ሲዘፍን፣ ትምህርት በየት በኩል ይገባል? ዱላ ይቅር አላችሁ፤ እሺ፣ ይቅር፣ ደግ አደረጋችሁ። ማባረር ይቅር አላችሁ። አሁን ደግሞ ዕቃ አትያዙ ከተባለ በምን ላስተዳድር? በልመና?»

እውነቱን ለመናገር የሽማግሌው ነገር ከንቱ አልነበረም። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ቆሞ የማያውቅ ሰው ሊፈርድባቸው አይገባም።

«አይያዝ አላልኩም፣ ጋሼ» አለች መምህርቷ በትሕትና። «ትምህርት የሚረብሽ ነገር ከተማሪ እጅ መውጣት አለበት። እኔም ባለፈው ሳምንት ሁለት ስልክ ይዣለሁ፤ ደወል ሲደወል መለስኩ። የምለው፣ መያዝና መውረስ ለየቅል ናቸው ነው። ልጁ የረበሸው አርባ ደቂቃ፣ እኛ የምናስቀርበት ዓመት ሙሉ። ጥፋቱን እንቅጣ፤ ንብረቱ ግን ስላጠፋ የእኛ አይሆንም።»

«በደወል ከመለስኩለት ምኑን ተቀጣ? ይስቅብኛል እኮ!»

«ቅጣቱ ሌላ ይሁን። ያመለጠውን ትምህርት ገልብጦ ያምጣ፤ ክፍል ያጽዳ። ከደገመ ወላጅ ይጠራ።»

«ይኸው! የእኔስ ሕግ ምን ይላል? ወላጅህን አምጣ፣ ዕቃህን ውሰድ። የመጡት ወላጆች ሁሉ አመስግነውኝ ነው የሚሄዱት።»

«የመጡትማ ያመሰግናሉ። ያልመጡትስ? የዚህች ልጅ እናት ገና ሳይነጋ ገብታ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምትወጣው። ዛሬ እንኳ የመጣችው ጓደኛዋ ሸፍናላት ነው። ወላጁ ጊዜ ያለው ልጅ ዕቃውን በማግሥቱ ያገኛል፤ ወላጁ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ዓመት ይጠብቃል። ጥፋታቸው አንድ ሆኖ ቅጣታቸው ለምን ሁለት ይሆናል?»

ምክትሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ፍርድ ቤት የኖሩ ሰው ነዎት። እስቲ ይፍረዱን።»

«እኔ ዕቃ ጠባቂ እንጂ ዳኛ አልነበርኩም» አልኩ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መዝገቡ የታለ?»

«የምን መዝገብ?»

«ምን ተያዘ፣ ከማን፣ በምን ቀን፣ ለምን፣ መቼ ይመለሳል የሚል።»

ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «እዚህ ነው።»

«ሁሉም?»

«የዘንድሮው… አብዛኛው።»

ያኔ ለማንም አውርቼው የማላውቀውን ነገር ነገርኳቸው። በሥራዬ አራተኛ ዓመት አንድ አናጺ በስርቆት ተጠርጥሮ መሣሪያው በሙሉ እኔ ዘንድ ገባ፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ የአባቱ ውርስ ሁሉ። በወሩ ነፃ ወጣ። እኔ ግን የባለቤቱ ስም ያለበትን ካርድ በሌላ ሰው ዕቃ ላይ አንጠልጥዬ ኖሮ መሣሪያው ሲፈለግ ጠፋ። ሲገኝ ስምንት ወር አልፎ ነበር። አናጺው ዝገቱን በአውራ ጣቱ እየፋቀ «ዕቃዬን አገኘሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የጠፋብኝን ስምንት ወር ግን ከየትኛው መደርደሪያ ታወርዱልኛላችሁ?» አለኝ። ክፉ ቃል አልጨመረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው በካርድና በመዝገብ የሚያሾፉብኝ ሰው የሆንኩት።

«መንግሥት እንኳ የሰውን ዕቃ ሲይዝ ደረሰኝ ይሰጣል» አልኩ። «ሌባ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ከእኔ ቢሮ ወረቀት ይዞ ይወጣ ነበር። ተማሪ ከሌባ ያነሰ መብት ያለው ለምንድን ነው?»

ምክትሉ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ይህን ስለ እኔ ይበሉት ስለ ራሳቸው አልገባኝም። ወዲያው ቁልፉ ቀጭ አለና ስባሪው በሽቦው ጫፍ ተንጠልጥሎ ወጣ።

«አይጥ ሆይ፣ ውጣ!» አለ የባለቤቴ ወንድም፤ በሩንም በረገደው።

አይጥ አልወጣም። የወጣው ኳስ ነው፤ የተነፈሰ ኳስ ከላይ ወድቆ እግሬ ሥር ቆመ። ከኋላው ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር፣ ጃንጥላ፣ የሴት ልጅ ሻርፕ፣ ሆዱ ያበጠ አሮጌ ስልክ፣ እንደ ተንጨባረረ ክር የተቋጠረ የኢርፎን ሽቦ። በአንዱም ላይ ስም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት መደርደሪያ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ምክትሉም ከእኛ እኩል ደንግጠው ያዩት ነበር። ለካ ሲከቱ እንጂ ቆመው አይተውት አያውቁም።

ያኔ ያ ሲጥታ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ ጆሮ ካልሰጡት የሚያመልጥ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ እጀታው ከተሰበረ አንድ ኩባያ ውስጥ ነበር። ምክትሉ እጃቸውን ሰደዱና አንድ ትንሽ፣ ጠይም፣ እንደ ባቄላ የጎበጠች ነገር አወጡ። በመዳፋቸው ከድነው ሲይዟት ፉጨቷ ባሰ፤ ሲከፍቷት ቀነሰ።

«መስሚያ እንዲህ ነው፤ ተከድኖ ሲያዝ ያፏጫል» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ። «ባትሪዋ ገና አላለቀም። ከሰኞ ጀምሮ ስትጠራዎት ነበር ጋሼ።»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«‹አውልቂና አምጪ› ብዬ በእጄ አሳየኋት፤ ሰጠችኝ» አሉ። «ሁለት መሆን አለበት ብዬ ‹ሁለተኛውንስ?› አልኳት፤ ዝም አለች። ‹ደብቀሻል፣ ውጪ ከዚህ!› አልኳት፤ ቆማ አፍ አፌን ታየኛለች። ንቀት መሰለኝ። ሁለት ክፍለ ጊዜ በር ላይ አቆምኳት።» መስሚያዋን አገላብጠው አዩ። «ጆሮዋን በእጄ ይዤ፣ አልሰማ አለችኝ ብዬ ቀጣኋት።»

እኔ በእውነት አዘንኩላቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበሩም፤ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያረፍዱ የሚገቡ፣ ጠመኔ ከኪሳቸው የሚገዙ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ግን የማይጠየቅበት ሥልጣን ሲይዝ፣ ከክፉው የማይተናነስ በደል ሊሠራ ይችላል። ደጉን ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም።

«ለምን አልነገረችኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«የእርስዎ ሕግ መልስ መስጠት ይፈቅዳል?» አለች መምህርቷ።

አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይፈቅድም» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው የኮታቸውን ቁልፍ አስተካከሉ። «ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራታችንም ከሆስፒታሉ ጀርባ ካሉት ቤቶች ደረስን። እናቲቱ ገና መግባቷ ነበር፤ እጆቿ በሳሙና ነጥተው ተሸብሽበዋል። ምክትሉን በሩ ላይ ስታይ ደነገጠች።

«በሞትኩት! ደግሞ ምን አጠፋች?»

«እሷ አላጠፋችም፣ እመቤቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ምክትሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

ልጅቷ ከውስጥ ወጣችና ስታያቸው ወደ እናቷ ተጠጋች። ምክትሉ መስሚያዋን በንጹሕ መሐረብ ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ዘረጉላት፤ መንገድ ለመንገድ ሲያዘጋጁት የመጡትንም ንግግር ጀመሩ። ጥሩ ንግግር ነበር። ስለ አስተማሪ ኃላፊነት፣ ስለ ችኮላ፣ ስለ ትዕቢት፣ ስለ ራሳቸው አስተዳደግ ተናገሩ። ልጅቷ ከንፈራቸውን እያየች ሰማች አልሰማች ሳይታወቅ ቆየች። ሲጨርሱ መስሚያዋን አነሣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ጆሮዋ ላይ አደረገች። ትንሽ አፏጨችና ዝም አለች።

«ጋሼ» አለች፣ «አልሰማሁዎትም ነበር። እባክዎ ይድገሙልኝ?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ያ ሁሉ ንግግር ጠፋባቸው።

«በደልኩሽ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ» አሉ።

«አሁን ሰማሁ» አለች ልጅቷ፤ ፈገግም አለች።

የባለቤቴ ወንድም ጉንፋን እንደያዘው ሁሉ ፊቱን አዞረ። እናቲቱ አንዴ ልጇን «ለምን ዋሸሽኝ?» እያለች፣ አንዴ እያቀፈቻት ቆየችና ድንገት ትዝ ሲላት «መልቀቂያውስ፣ ጋሼ? ነገ ልምጣ?» አለች።

«አልፈርምም!» አሉ ምክትሉ፣ ደወል በሚያህል ድምፅ። ያኔ ሁላችንም ሳቅን። ከአራት ቀን በኋላ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው መሆኑን እናትየዋ ኋላ ነግራናለች።

ወደ ሱቅ ስንመለስ ምክትሉ በመንገድ ላይ ለወንድማቸው ልጅ እንዲህ አሏት፦ «አንቺ ልክ ነበርሽ። ሰው ሲሸነፍ ይከብደዋል ይላሉ፤ እኔን ግን ቀለለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የዚያን ቁምሳጥን ቁልፍ ተሸክሜ ዞሬያለሁ።»

ይህ ከሆነ አንድ የትምህርት ዓመት ሊሞላው ነው። መዝገቡን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም፣ ደስ እያለኝ። አሁን ዕቃ የሚያዘው ትምህርት ሲረብሽ ብቻ ነው። ባለቤቱ ይጠየቃል፣ መልሱም ይሰማል፤ ስሙና ሰዓቱ ይጻፋል፤ የመጨረሻው ደወል ሳይደወል ይመለሳል። ሰውነት ላይ የሚደረግ ነገር ምንነቱ ሳይጣራ አይነካም፤ የሰው ስልክም አይከፈትም። ቅጣት የሚገባው በሥራ ይቀጣል። ወላጅ የሚጠራውም በሚመቸው ሰዓት ነው፤ ለዚህ ሲሉ ምክትሉ በሳምንት አንድ ቀን አምሽተው ይቀመጣሉ።

ክፍሉ ገበያ ይሆናል ብለው ፈርተው ነበር፤ አልሆነም። ድሮ ስልኩን ካልሲው ውስጥ የሚደብቀው ልጅ እንደሚመለስለት ስላወቀ ራሱ አምጥቶ ያስቀምጣል። የድሮዎቹን ዕቃዎች ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ባለቤት ፈለጉላቸው። አንድ ጢማም ሰው ልጁን አስከትሎ መጥቶ ያንን የተነፈሰ ኳስ ወሰደ፤ «ሟች ማለት እኔ ነኝ» ብሎ ምክትሉን በሳቅ ገደላቸው። ልጅቷም ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ ፊተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። ለጠየቃት ሁሉ ስለ መስሚያዋ ታስረዳለች፤ የሚያሾፍባት ግን እስካሁን አልተገኘም።

ቁምሳጥኑ አሁን የጠመኔና የወረቀት ማስቀመጫ ነው፤ አይቆለፍም። የባለቤቴ ወንድም በዚያው ሰሞን የቀረጸው አዲስ ቁልፍ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ምክትሉ ባለፉ ቁጥር «ጋሼ፣ ቁልፍዎ ደርሷል!» ይላቸዋል። «ለምኔ?» ብለው ያልፋሉ።

እኔም ሥራ አልፈታሁም። ካርድ ጽፌ አንጠልጥዬበታለሁ፦ «ባለቤቱ ይታወቃል። ተጠይቆ አልፈልገውም ብሏል።»